ከባሩድ እስከ ድማሚት፦ የብሪታንያ የፈንጂ ቁጥጥር

የብሪታንያ የፈንጂ ተቆጣጣሪዎች ቢሮ በዓለም ላይ ፈንጂን በሕግ ልጓም ካስገቡት ቀደምት ተቋማት አንዱ ነው። ዋና ሥራው ወንጀለኛ ማሳደድ አይደለም። ባሩድ፣ ድማሚት፣ ርችትና የመሳሰሉት የት ይሠራሉ? ምን ያህል ይከማቻል? ከሰው ቤት ምን ያህል ይርቃሉ? ከምን ጋር አብረው መጫን የለባቸውም? ይህን መወሰን፣ ከዚያም መፈጸሙን ሄዶ በዓይን ማየት ነው። ስለዚህ ተቋም በአማርኛ የተጻፈ ነገር ማግኘት ያስቸግራል። ይህ ዳሰሳ የተሰናዳው ለዚህ ነው። ሰፋ ተደርጎ የተጻፈው ስለ 1870ዎቹ ነው። ተቆጣጣሪዎቹ በየዓመቱ ለፓርላማ ሪፖርት ያቀርቡ ስለነበር የዚያ ዘመን ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያል። በተለየ መንገድ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከዚያ በፊት የ1860 የባሩድ ሕግ ነበር፤ አስፈጻሚው ግን ልል ነበር። በኦገስት 11 ቀን 1871 ስቶውማርኬት በምትባል ከተማ የፈንጂ ጥጥ ፋብሪካ ፈንድቶ 28 ሰው ሞተ። ጥጥ በአሲድ ታክሞ የሚሠራ ፈንጂ ነው። አሲዱ በደንብ ካልታጠበ ዕቃው ራሱን በራሱ ሊያቀጣጥል ይችላል። የአሟሟቱን ምክንያት ያጣሩት የፍርድ ሸንጎ (ጁሪ) አባላት ጥጡ ምርመራውን ካለፈ በኋላ አንድ ሰው አሲድ ጨምሮበታል ብለው ፈረዱ። ማን እንደሆነ ግን አልታወቀም። በዚሁ ዓመት ቪቪያን ዴሪንግ ማጄንዲ የሚባል የመድፈኛ መኮንን የባሩድ ፋብሪካዎች ተቆጣጣሪ ሆኖ ተሾመ። ዕድሜው 35 ነበር። በክራይሚያ ጦርነት ተዋግቷል። የዚህ ተቋም ታሪክ ከሞላ ጎደል የእሱ ታሪክ ነው።

ሁሉን የለወጠው የቲልበሪ አደጋ ነው። ጊዜው ኦክቶበር 2 ቀን 1874 ነው፤ ሊነጋጋ ሲል፣ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ። በለንደን ሪጀንትስ ቦይ ላይ አንዲት የእንፋሎት ጀልባ የጭነት ጀልባዎችን በገመድ አስከትላ ትጎትታለች። ከተጎታቾቹ አንዷ ቲልበሪ ናት። የጫነችው የሱቅ ዕቃ ነው፦ ስኳር፣ ቡና፣ ለውዝ። ጥቂት በርሜል ነዳጅም አለባት። ከዚያው ጋር ደግሞ 5 ቶን ገደማ ባሩድ። መክልስፊልድ ድልድይ ሥር ስትደርስ ፈነዳች። ሦስቱ ጀልባተኞች ሞቱ። ድልድዩ ተደረመሰ። በአካባቢው ያሉ ቤቶች መስኮታቸው ረገፈ።

ማጄንዲ ምርመራውን ያዘ። ከነዳጁ የወጣው ትነት በጀልባዋ ጎጆ ውስጥ ከነበረ እሳት ጋር ተገናኘ፣ እሳቱም ባሩዱን አገኘው ሲል ደመደመ። መብራት ይሁን ምድጃ ማንም አይቆርጥም። ያዩት ሰዎች አብረው አልቀዋል።

ድልድዩ እንደገና ሲሠራ የድሮዎቹ የብረት ምሰሶዎች ተርፈው ስለነበር በእነሱው ላይ ቆመ። ያኔ እንደ ቲልበሪ በእንፋሎት ጀልባ ከሚጎተቱት በቀር ጀልባ የሚጎትቱት ፈረሶች ነበሩ። ገመዳቸው ምሰሶውን ዓመት ከዓመት እየፈተገ ጎድጎድ ያለ መስመር አውጥቶበት ነበር። ምሰሶዎቹ ዞረው ተተከሉና ገመዱ በሌላው ጎን አዲስ መስመር አወጣ። ዛሬ ቀርቦ ላየ ሰው ጣት የሚያስገቡት ፍትጎች በሁለቱም በኩል አሉ፤ አንዱ ከፍንዳታው በፊት፣ ሌላው ከፍንዳታው በኋላ። ለንደን ያላችሁ፣ ከካምደን ተነስታችሁ ቦዩን ዳር ዳሩን ወደ መካነ እንስሳቱ ብትሄዱና ትንሽ ብታልፉ ታገኙታላችሁ። የሰፈሩ ሰው አሁንም “የፈነዳው ድልድይ” ይለዋል።

ከስምንት ወር በኋላ፣ በጁን 1875፣ የፈንጂ ሕግ ጸደቀ። ማጄንዲ ዋና የፈንጂ ተቆጣጣሪ ሆነ። ሕጉ ቀላል በሆነ ሐሳብ ላይ የቆመ ነው። ፈንጂ ያለ ፈቃድ አይሠራም፣ ያለ ፈቃድም አይከማችም። ፈቃዱ ከፕላን ጋር ይሰጣል፤ የትኛው ቤት ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ በአንዴ ስንት ሰውና ስንት ኪሎ እንደሚገባበት፣ ከቀጣዩ ቤት ስንት እንደሚርቅ ይጻፍበታል። ባሩድ በመንገድ ላይ እየዞሩ መሸጥ ተከለከለ። ከ13 ዓመት በታች ለሚመስል ልጅ መሸጥም ተከለከለ። ከአንድ ፓውንድ በላይ የሆነ ባሩድ ጠንካራ መያዣ ውስጥ ሆኖ “ባሩድ” የሚል ጽሑፍ እንዲለጠፍበት ተደነገገ። አደጋ ከደረሰ ማሳወቅ ግዴታ ሆነ። ትልቁ ነገር ደግሞ ተቆጣጣሪው ፋብሪካ ገብቶ የመመርመር ሥልጣን ማግኘቱ ነው።

ፋብሪካው ውስጥ ሕጉ ወደ ሰው ልብስ ድረስ ይወርዳል። አደገኛ ክፍል የሚገባ ሠራተኛ የሚለብሰው ኪስ የሌለው ልብስ ነው። ኪስ ካለ ክብሪት ይኖራል፣ ሚስማር ይኖራል። ጫማው የተለየ ነው፤ ከውጭ አሸዋ ይዞ እንዳይገባ። በር ላይ ይፈተሻል። አንዲት ጠጠር ከብረት ጋር ተፋጭታ ብልጭ ካለች በቂ ናትና። የድማሚት ፈልሳፊው አልፍሬድ ኖቤል በስኮትላንድ አርዲር በከፈተው የድማሚት ፋብሪካ ደግሞ ናይትሮግሊሰሪን (ድማሚት የሚሠራበት ፈሳሽ ፈንጂ) ሲቀላቀል ቴርሞሜትሩን የሚጠብቀው ሰው ባለ አንድ እግር ዱካ ላይ ይቀመጥ ነበር። እንቅልፍ ሸለብ ካደረገው ይወድቃል። ኖቤል ጥንቃቄን በመራራ መንገድ ነው የተማረው፤ ታናሽ ወንድሙ ኤሚል በ1864 ስቶክሆልም ውስጥ በደረሰ ፍንዳታ ሞቶበታል።

ከ1881 እስከ 1885 ፌኒያን የሚባሉ የአየርላንድ ነፃነት ተዋጊዎች የብሪታንያን ከተሞች በድማሚት መቱ። ፓርላማው በ1883 ፈንጂን ለክፉ ዓላማ መሥራትንና መያዝን የሚቀጣ ሌላ ሕግ በጥድፊያ አወጣ። ሕጉ እስከ ዛሬ ይሠራል። በፌብሩዋሪ 1884 ቪክቶሪያ ባቡር ጣቢያ የዕቃ ማስቀመጫው ፈነዳ። በሌሎች ጣቢያዎች ደግሞ ሰዓት የተገጠመላቸው፣ ያልፈነዱ ሻንጣዎች ተገኙ። ማጄንዲ ከኬሚስቱ አውጉስት ዱፕሬ ጋር እነዚህን ዕቃዎች መረመረ። የትኛውን በገዛ እጁ እንደፈታ ጽሑፎች አይስማሙም። ድፍረቱ ግን አያጠራጥርም። በ1895 የሰር ማዕረግ ተሰጠው፤ በ1898 አረፈ።

የ1875ቱ ሕግ አንድ ትልቅ ቀዳዳ ነበረው። የመንግሥትን የራሱን ፋብሪካዎች አይነካም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥድፊያ ደግሞ በምሥራቅ ለንደን፣ ሲልቨርታውን፣ ሰው በታጨቀበት ሰፈር መሐል ባለ አንድ የግል ኩባንያ ፋብሪካ ውስጥ፣ በመንግሥት ትእዛዝ ቲኤንቲ የሚባል ኃይለኛ ፈንጂ ማጣራት ተጀመረ። ጃንዋሪ 19 ቀን 1917 ማታ እሳት ተነሳና 50 ቶን ገደማ ፈነዳ። 73 ሰው ሞተ። የፋብሪካው ዋና ኬሚስት አንድሪያ ኤንጅል እሳቱን ለማጥፋት ሮጦ ገብቶ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ባጭሩ ይህ ነው። በ1975 ተቆጣጣሪዎቹ አዲስ በተቋቋመው የሥራ ጤንነትና ደህንነት መሥሪያ ቤት ሥር ገቡ። በ1989 ፒተርቦሮ ውስጥ ፈንጂ የጫነ መኪና ተቃጥሎ ሲፈነዳ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ሞተ፤ የማጓጓዣው ደንብም ጠበቀ። የ1875ቱ ሕግ አብዛኛው ክፍል እስከ 2005 ቆየ። 130 ዓመት ማለት ነው፤ ይህን ያህል የሠራ የደህንነት ሕግ ብዙ የለም። አሁን ያለው የ2014 ደንብ ነው። አነስተኛ ክምችት ያለው ሰው ፈቃዱን እንደ ፈንጂው ዓይነት ከአካባቢው ባለሥልጣን ወይም ከፖሊስ ያወጣል፤ ትልልቁን የሚፈቅዱት ተቆጣጣሪዎቹ ናቸው። ብዙውን የፈንጂ ዓይነት ገዝቶ ለመያዝ ደግሞ የፖሊስ የምስክር ወረቀት ያስፈልጋል።

ከምን ጋር ይጫን የሚለው የቲልበሪ ጥያቄ ዛሬ የዓለም ሁሉ ሕግ ሆኗል። በተባበሩት መንግሥታት አመዳደብ ፈንጂ ምድብ 1 ሆኖ ከ1.1 እስከ 1.6 ይከፈላል። 1.1 ክምችቱ በአንዴ የሚፈነዳው ነው። 1.4 አደጋው ከማሸጊያው ብዙም የማያልፈው ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ የሚጻፈው ፊደል ከማን ጋር መጫን እንደሚችል ይናገራል። በጭነት መኪና ላይ የሚለጠፈው ብርቱካናማ ምልክት ይኸው ነው።

እኛም ነገሩን ከሩቅ አይደለም የምናውቀው። ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የጥይትና የፈንጂ መጋዘን ሲፈነዳ፣ በ1977 ዓ.ም. የነበረውን ረሀብ ለዓለም ያሳየው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚን አንድ እጁን አጣ። የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ እዚያው ሞተ። ቤሩት ውስጥ ደግሞ ሮሱስ ከተባለች መርከብ የወረደ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት (ለማዳበሪያም ለፈንጂም የሚውል ኬሚካል) በወደቡ መጋዘን ቁጥር 12 ለዓመታት ተከማችቶ ኖረ። የጉምሩክ ሹሞች ይነሳ እያሉ ለዳኞች ደጋግመው ደብዳቤ ጻፉ። ማንም አላነሳውም። ኦገስት 4 ቀን 2020 ፈነዳና ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ከተጎዱት መካከል ሰው ቤት ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያን እህቶቻችን ነበሩበት።