«ማሽኑ ነው የሸበሸበው» እና ሌሎች የሱሪ ማሳጠር ሰበቦች

ቤት ውስጥ ያጠረ ሱሪ ጫፉ ተሸብሽቦ ሲወጣ ጥፋተኛው ሁሌም ማሽኑ ነው። ክር ይቀየራል፣ ውጥረቱ ይጠብቃል፣ ይላላል፤ ሱሪው ግን ያው! ማሽኑ ምን ያድርግ፣ ነገሩ የተበላሸው ሱሪው ከማሽኑ እግር፣ ጨርቁን ከሚጫነው ብረት፣ ሥር ሳይገባ ነው።

ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ሱሪ ማጠፊያው ላይ ዙሪያው 36 ሴንቲ ነው እንበል። 4 ሴንቲ ከፍ ሲሉ 37፣ 4 ሴንቲ ዝቅ ሲሉ 35 ይሆናል። ታጥፎ ወደ ውስጥ ሲገባ ያ 35 ሴንቲ ጠርዝ 37ቱ ላይ ሊሰፋ ነው። ሁለት ሴንቲ ከየት ይምጣ? ጠርዙ ላዩን ይስበዋል፣ ላዩ ይሸበሸባል። የአያት ሲንጀርም ሆነ ትናንት የተገዛ ማሽን ይህን አያድነውም።

ስለዚህ ከማጠፊያው በታች ያለውን የጎን ስፌት በውስጥም በውጭም በኩል ይተርትሩ። ከማጠፊያው ጀምረው ወደ ውጭ እያሰፉ መልሰው ይስፉት፤ ጠርዙ ላይ ሲደርሱ አዲሱ ስፌት ከድሮው ግማሽ ሴንቲ ይራቅ። ሁለቱ ጎኖች ፊትና ኋላ ሲደመሩ የጎደለው ሁለት ሴንቲ ሞላ። ጎኑ ላይ ትርፍ ጨርቅ ከሌለ፣ ወይም እንደ ጂንስ ጎኑ ድርብ ስፌት ከሆነ፣ ሰፊ እጥፍ ይቅርብዎ፤ 1.5 ሴንቲ ይበቃል። እግሩ ቀጥ ያለ ሱሪ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም።

ምልክቱ ላይ መቁረጥ ሌላው በሽታ ነው። ምልክቱ ማጠፊያ እንጂ መቁረጫ አይደለም፤ ለጨርቅ ሱሪ ከምልክቱ በታች 4 ሴንቲ፣ ለጂንስ 2.5 ይተዉ፤ አንዱ ሴንቲ ጠርዙን ለመደበቅ ይታጠፍና 1.5ቱ እጥፍ ይሆናል።

«አንዱን እግር ለክቼ ሌላውን በእሱ እቆርጣለሁ» የሚል ሰው የሁሉም ሰው ሁለት እግር እኩል ይመስለዋል። ለባሹ ጫማውን አድርጎ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ስፒሉን ሌላ ሰው በሁለቱም እግር ይስካ። ራሱ ካጎነበሰ ሱሪው ከኋላ ይሳባል፤ ቀና ሲል ምልክቱ ቦታውን ለቋል።

አዲስ ጂንስ ታጥቦ ሳይደርቅ አይቆረጥም፣ ጥጥ ይሰበሰባል። ሳልባጅ ከሆነ መታጠቡን ጠግቧል፣ ይቁረጡት።

መርፌም ሁሉ አንድ አይደለም፤ ለጂንስ 16 ቁጥር፣ ለስስ ጨርቅ 11። የጎን ስፌቱ ጉብታ ላይ የማሽኑ እግር ፊቱን ቀና ያደርግና ስፌት ይዘላል፣ መርፌም ይሰበራል። ጉብታውን ቀድመው በመዶሻ ያሳሱት፤ እዚያ ሲደርሱ ከእግሩ ኋላ በጉብታው ልክ የታጠፈ ካርቶን ያስገቡና መዘውሩን በእጅ ያዙሩ።

በእጅ የሚሰፉ ደግሞ «ጠበቅ ሲል ይጸናል» ይላሉ። መርፌው ከውጩ ጨርቅ አንድ ሁለት ክር ብቻ ያንሳ፣ ክሩም ላላ ይበል። ካጠበቁት ውጭው ላይ ተርታ ጉድጓድ ይታያል።

ካውያም የመጨረሻ ሥራ አይደለም፤ እጥፉ ተተኩሶ ነው የሚሰፋው። ፖሊስተር ከሆነ ካውያው በቀጥታ አይንካው፤ እርጥብ የአሮጌ ነጠላ ቁራጭ ጣል ያድርጉበት፣ አለበለዚያ እጥፉ ያብለጨልጫል።