አዞ የማይሸጥበት «አዞ ገበያ» እና ሌሎች የአርባ ምንጭ ወሬዎች

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ከዘመዶቼ ጋር አርባ ምንጭ ወርጄ ነበር። መኪናው ውስጥ ሰባት ሰው ነበርን፤ ስለ አካባቢው የያዝነው ወሬ ግን ከሰባት በላይ ነው። ግማሹ ገና ጫሞ ሐይቅ ላይ ከጀልባ ሳንወርድ ፈረሰ።

«አዞ ገበያ አዞ ይሸጥበታል»

የአክስቴ ልጅ የምሩን ነው፤ ዋጋ ሊጠይቅ ተዘጋጅቶ ነበር። ገበያ የሚባል ነገር የለም። ኩልፎ ወንዝ ወደ ጫሞ በሚገባበት አካባቢ አዞዎች ፀሐይ ሊሞቁ ዳር ወጥተው ይጋደማሉ። አንዱ በሌላው ላይ እስኪደራረብ ድረስ ብዙ ናቸው። «ገበያ» የሚያሰኘው ይሄው ነው። ለንግድ የሚረባው አዞ ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ ከተማው አጠገብ፣ አባያ ዳር ባለው የአዞ እርባታ። እዚያ የሚያድጉት ለቆዳቸው ነው።

«አፉን የከፈተ አዞ ርቦታል»

አክስቴ አንዱ አፉን በልቅጦ ሲያያት «በስመ አብ! ዞር አድርገው!» አለች። ጀልባ ነጂው ሳቀ። «እናቴ፣ ሞቆት ነው እንጂ አንቺንስ አላየሽም» አላት። ልክ ነው። አዞ እንደ እኛ አያልብም። ሰውነቱ ሲግል አፉን ከፍቶ ነው የሚያቀዘቅዘው፤ ውሻ ምላሱን አውጥቶ እንደሚያለከልከው ማለት ነው። ይህ ማለት ግን ተጠግታችሁ ፎቶ ተነሱ ማለት አይደለም። የሚያሰጋው ያ በግልጽ የተጋደመው ሳይሆን ውሃ ውስጥ ዓይኑና አፍንጫው ብቻ የሚታየው ነው።

«እናት አዞ ልጆቿን ትበላለች»

ይሄኛው በጣም የቆየ ስም ማጥፋት ነው። ሰው እናቲቱ ጫጩቶቿን በአፏ ስትለቅም አይቶ የደረሰበት ድምዳሜ ነው፤ እኔም ባይ እንደዚያ እል ነበር። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው። እንቁላሉን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ሦስት ወር ገደማ ትጠብቃለች። ጫጩቶቹ ሊፈለፈሉ ሲሉ ከእንቁላሉ ውስጥ ሆነው ይጮኻሉ። ድምፃቸውን ስትሰማ አሸዋውን ትቆፍርና በዚያ በሚያስፈራ አፏ ይዛ ወደ ውሃ ታደርሳቸዋለች። አንድ ጥርስ አያርፍባቸውም። የበለጠ የገረመኝ ደግሞ ጾታቸው የሚወሰነው በጎጆው ሙቀት መሆኑ ነው። በጥቂት ዲግሪ ልዩነት ወንድ ወይም ሴት ይሆናሉ።

«ጉማሬ ሣር በል ስለሆነ አይነካም፤ ደም ደግሞ ያልበዋል»

ሣር በልነቱ እውነት ነው። ማታ ከውሃ ወጥቶ ሲግጥ ያድራል። ጨዋነቱ ግን ውሸት ነው። በእሱና በውሃው መካከል የገባ ሰው አለቀለት፤ ያ ሁሉ ሥጋ ከሰው ፈጥኖ ይሮጣል። «ደም» የሚባለው ቀይ ፈሳሽም ደም አይደለም፣ ላብም አይደለም። ቆዳው የሚያመነጨው ቅባት ነው። ከፀሐይ ይከላከልለታል፣ ቁስሉ እንዳያመረቅዝም ይረዳዋል። ሰንስክሪኑን ይዞ ተፈጥሯል በሉት።

«አባያ ቆሽሿል»

ከላይ ሆናችሁ ስታዩ ጫሞ ሰማያዊ፣ አባያ ደግሞ ሻይ በወተት የመሰለ ቀላ ያለ ነው። ብዙ ሰው ፋብሪካ ቆሻሻ የሚለቅበት ይመስለዋል። ቀለሙ የአፈር ነው። እንደ ብላቴ ያሉ ወንዞች ከደጋው ቀይ አፈር አጥበው ያመጣሉ፤ ደቃቁ አፈር ሳይዘቅጥ ውሃው ውስጥ ተንሳፍፎ ይቀራል። የደጋው መሬት መራቆት ነገሩን ማባባሱ ግን አይካድም።

ሁለቱን ሐይቆች የሚለየው «እግዜር ድልድይ» ደግሞ ድልድይ አይደለም። ዛፍ የለበሰ የመሬት ጀርባ ነው። እንዲያውም ከድልድይ ይልቅ ግድብ ይመስላል፤ ምክንያቱም ሐይቆቹ እኩል አይደሉም። አባያ ከጫሞ በብዙ ሜትር ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው። ከሩቅ ሲያዩት ፈጽሞ አያስታውቅም።

ምንጮቹስ አርባ ናቸው? እባካችሁ አትቁጠሩ። የአክስቴ ልጅ አሥራ አንድ ላይ ሰለቸው። አርባ ማለት ብዙ ማለት ነው።

ይልቅ ምንጮቹ አካባቢ ያለውን ደን ልብ በሉ። ሰው «የዝናብ ደን» ይለዋል። እነዚያ ግዙፍ ሾላዎች ግን በዋናነት በዝናብ አይደለም የቆሙት። ከተራራው ሥር የሚወጣው የከርሰ ምድር ውሃ ቅርብ ስለሆነ ሥራቸው ከታች ነው የሚጠጣው። በጋ ላይ ዙሪያው ሲደርቅ እሱ አረንጓዴ የሚሆነው ለዚህ ነው።

«ነጭ ሳር የተባለው መሬቱ ነጭ ስለሆነ ነው»

መሬቱማ ጥቁር ነው፤ ዝናብ ሲመታው መኪና ውጦ የሚያስቀር መረሬ። የሚነጣው ሣሩ ነው፣ እሱም ሲደርቅ። ዝናብ ከጣለ በኋላ ከሄዳችሁ ነጭ ሳር አረንጓዴ ነው። ፓርኩን ብዙ ሰው የሚያውቀው በሜዳ አህያው ነው። እኔን የማረከኝ ግን አንድ ክንፍ ነው። በ1990 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች ሜዳው ላይ መንገድ ዳር የተደፈጠጠች፣ ሌሊት የምትበርር ወፍ አገኙ። ሊተርፍ የቻለው አንድ ክንፏ ብቻ ነበር። ከማንኛዋም ወፍ ጋር አልመሳሰል አለ። በ1995 እ.ኤ.አ. በዚያ ክንፍ ብቻ አዲስ ዝርያ ተብላ ተመዘገበች። የላቲን ስሟም «አንድ ክንፍ ብቻ» እንደማለት ነው።

«አርባ ምንጭ ስትሄድ ጋቢ አያስፈልግም»

ለከተማው እውነት ነው፣ ያቃጥላል። ወደ ዶርዜ ስትወጡ ግን ከ2,000 ሜትር በላይ ናችሁ። አክስቴ ተንቀጥቅጣ እዚያው ጋቢ ገዛች። በሸማኔዎቹ አገር ስለሆነ አልተከፋችም።

መንገድ ዳር ያለውን እንሰት «ሙዝ» ያለው ደግሞ ሾፌራችን ነው። ዘመዳማቾች ናቸው፤ የእንሰት ፍሬ ግን ድንጋይ የመሰለ ዘር የሞላበት ስለሆነ አይበላም። ቆጮ የሚሆነው ግንዱና ሥሩ ነው፤ ተፍቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ ተብላልቶ።

የዝሆን ፊት የመሰሉትን የዶርዜ ቤቶች ስናይ ደግሞ ሁላችንም ረጅሙን «የሀብታም»፣ አጭሩን «የድሃ» ብለን ከፋፈልናቸው። ተሳሳትን። ቤቱ ከቀርከሃ ነው የሚጠለፈው። ምስጥ ከታች ይበላዋል፤ የተበላው ሲቆረጥ ቤቱ ዝቅ ይላል። በየዘመኑ እያጠረ ይሄዳል፤ አጭሩ ሽማግሌው ነው ማለት ነው። የገባንበት ቤት ባለቤት፣ ልጅ ሳሉ ጣሪያው ከአሁኑ በጣም ይርቅ እንደነበር በእጃቸው ወደ ላይ እያሳዩ ነገሩን። ከዚያ ቆጮው ከነዳጣው ቀረበና ወሬው እዚያው ላይ ቆመ።