ማራት ሱልታኖቭ፦ ከሶም ጓዳ እስከ አፈ ጉባኤ ወንበር

ማራት ሱልታኖቭ የኪርጊስታን የባንክ ሰውና ፖለቲከኛ ናቸው። የተወለዱት በ1960 ነው። ከ1994 እስከ 1998 የአገራቸውን ብሔራዊ ባንክ መሩ። በ1999 የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ከማርች 2006 እስከ ኦክቶበር 2007 ደግሞ የምክር ቤቱ፣ ማለትም የጆጎርኩ ኬኔሽ፣ አፈ ጉባኤ ነበሩ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የውጭ ዜና ስማቸውን የሚያነሳው በአፈ ጉባኤነታቸው ነው። እኔ ግን፣ ባንክ ቤት የዋለ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ ዓይኔ የሚሄደው ወደ መጀመሪያው ወንበራቸው ነው።

ሱልታኖቭ ሲሾሙ የኪርጊስታን ገንዘብ ገና የአንድ ዓመት ልጅ ነበር። አገሪቱ ከሩብል ወጥታ ሶምን ያስተዋወቀችው ሜይ 10 ቀን 1993 ነው። ከመካከለኛው እስያ አገሮች ቀድማ ያደረገችው እሷ ናት። የባንኩ መሪ ያኔ ኬሜልቤክ ናናዬቭ የሚባሉ ሰው ነበሩ። 200 ሩብል ያስረከበ አንድ ሶም ይወስድ ነበር። ጎረቤቶቿ ካዛክስታንና ኡዝቤኪስታን በነገሩ ከፋቸው፤ ንግዱ ተስተጓጎለ። ቀልዱ ግን በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ሁለቱም የየራሳቸውን ገንዘብ ማውጣታቸው ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሶሞች ኮስተር ያሉ ነበሩ። በላያቸው ያለው የጥንቱ የኪርጊዞች ጀግና ማናስ ነው፣ ፈረስ ላይ እንደተቀመጠ። ሳንቲም የሚባል ነገር አልነበረም። የሶም መቶኛ የሆነው ትይን እንኳ ወረቀት ነበር፣ ንስር የተሳለበት። በ1994 መውጣት የጀመሩት ኖቶች ግን የሰው መልክ ይዘው መጡ። ባለ 5 ሶሙ ላይ የባሌት ተወዛዋዥዋ ቡቡሳራ ቤይሸናሊዬቫ፣ ባለ 50ው ላይ የአላይ ተራሮች ገዥ የነበሩት ኩርማንጃን ዳትካ አሉ። ሁለት ሴቶች፣ አንዷ በጭፈራ አንዷ በሥልጣን፣ ገበያ ውስጥ ከእጅ እጅ ሲዞሩ ዋሉ። ደስ የሚል ምርጫ ነው።

መልኩ አንድ ነገር ነው፣ ዋጋውን ማስጠበቅ ሌላ። ሶም ሲጀመር አንድ ዶላር በ4 ሶም ገደማ ይገኝ ነበር። በ1994 ማብቂያ ወደ 11 ሶም ተጠግቷል። የዋጋ ንረቱ በ1993 በመቶዎች ፐርሰንት የሚቆጠር ነበር፤ ደመወዝ ተቀብሎ ገበያ እስኪደርስ ገንዘቡ የሚያልቅበት ዘመን። የሱልታኖቭ ባንክ ያደረገው ለመናገር ቀላል፣ ለመሥራት ግን አንጀት የሚጠይቅ ነው። ገንዘብ እያተሙ የመንግሥትን ጉድለት መሙላትን ማጥበብ፣ መንግሥት በግምጃ ቤት ሰነድ እንዲበደር ማድረግ፣ የከሰሩትን የሶቪየት ዘመን ባንኮች ማጽዳት። በጁላይ 1997 ደግሞ ሁለት ሕጎች ወጡ፣ አንዱ ስለ ብሔራዊ ባንኩ፣ ሌላው ስለ ንግድ ባንኮች። ባንኩ ከመንግሥት ኪስ ራቅ ብሎ እንዲቆም መሠረት የጣሉት እነሱ ናቸው።

ንረቱ በእርግጥ ወረደ። በ1997 ማብቂያ ዶላሩ 17 ሶም ገደማ ላይ ነበር። በዚያው ዓመት የኩምቶር የወርቅ ማዕድን ሙሉ ምርት ስለጀመረ ኢኮኖሚውም ፈጥኖ አደገ። ምስጋናው የባንኩ ነው፣ የወርቁ ነው ወይስ የአይ ኤም ኤፍ ብድር የሚለው ያከራክራል። እኔ ድምፄን ለባንኩ እሰጣለሁ።

ከዚያ ኦገስት 1998 መጣ። ሩሲያ ዕዳዬን አልከፍልም አለች፣ ሩብል ወደቀ፣ ሶምም አብሮ ተጎተተ። በዓመቱ መጨረሻ ዶላሩ 29 ሶም ገደማ ነበር፣ በቀጣዩ ዓመት ማብቂያ 45 ደረሰ። ባንኮች ተዘጉ፣ ያስቀመጠ ሰው አለቀሰ። ይህን ሁሉ በአንድ ሰው ላይ መጫን አይገባም፤ ማዕበሉ የመጣው ከሞስኮ ነው። በዲሴምበር 1998 አገሪቱ ከቀድሞ ሶቪየት ሪፐብሊኮች ቀዳሚ ሆና የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ሆነች። በ1999 የባንኩን ወንበር ኡላን ሳርባኖቭ ያዙ፣ ሱልታኖቭም ለአጭር ጊዜ የገንዘብ ሚኒስትር ነበሩ።

ቀጥሎ ምክር ቤት ነው። በማርች 2005 ሕዝቡ ተነስቶ ፕሬዚዳንት አስካር አካዬቭ አገር ጥለው ሄዱ፣ ኩርማንቤክ ባኪዬቭ ተተኩ። አፈ ጉባኤው ኦሙርቤክ ቴኬባዬቭ ከባኪዬቭ ጋር በአደባባይ ተዘላልፈው በፌብሩዋሪ 2006 ሲለቁ፣ ማርች 2 ቀን ሱልታኖቭ ተመረጡ። ለፕሬዚዳንቱ የሚመቹ ሰው ናቸው ተብለው ይታሙ ነበር። ሐሜቱ ግን ሙሉ ልክ አይመስልም።

በሴፕቴምበር 2006 ቴኬባዬቭ ዋርሶ አየር ማረፊያ ላይ ተያዙ። ሻንጣቸው ውስጥ ከነበረች የእንጨት አሻንጉሊት፣ ከማትሪዮሽካ፣ ሆድ ሄሮይን ተገኘ። ጉድ ፈላ። የፖላንድ ፍርድ ቤት ለቀቃቸው። በሱልታኖቭ የሚመራው ምክር ቤትም አጣሪ ኮሚሽን አቋቁሞ ጣቱን ወደ ደህንነቱ ቀሰረ፤ የመሥሪያ ቤቱ ምክትል የነበሩት የፕሬዚዳንቱ ወንድም ጃኒሽ ባኪዬቭ ከሥልጣን ተነሱ።

በኖቬምበር ደግሞ ተቃዋሚዎች ዋና ከተማዋ ቢሽኬክ ውስጥ አላ ቱ አደባባይ ላይ ድንኳን ተክለው ሰነበቱ። ምክር ቤቱ ሌሊቱን ተሰብስቦ የፕሬዚዳንቱን ሥልጣን የሚቀንስ ሕገ መንግሥት አጸደቀ። በዲሴምበር 30 ያው ምክር ቤት ብዙውን መልሶ ሰጠ። የዕዳ ቅነሳው ክርክርም የዚያ ክረምት ነው። ኪርጊስታን 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ተሸክማ፣ ኢትዮጵያ በ2004 ወደ ጨረሰችው ሂፒክ፣ ማለትም ዕዳ ለከበዳቸው ድሃ አገሮች ወደተዘጋጀው የዕዳ ቅነሳ መርሐ ግብር፣ ልግባ አልግባ ስትል ቆይታ፣ በ2007 መጀመሪያ ይቅርብኝ አለች።

በሴፕቴምበር 2007 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ ሁለቱንም ማሻሻያዎች ሻረ። ኦክቶበር 21 ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ፣ በማግስቱ ባኪዬቭ ምክር ቤቱን በተኑ። የሱልታኖቭ አፈ ጉባኤነት በዚያ አበቃ። በጃንዋሪ 2008 ሶም ለመጀመሪያ ጊዜ በሳንቲም ወጣ።