ኤም ጂ ሚጀት እና ትራያምፍ ስፒትፋየር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እነዚህ ሁለት ትንንሽ፣ ባለ ሁለት መቀመጫና ጣሪያቸው ተገላጭ የእንግሊዝ መኪኖች ለአንድ ዓይነት ገዢ የተሠሩ ተፎካካሪዎች ነበሩ። ሚጀት እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1979 በአቢንግደን፣ ስፒትፋየር ደግሞ ከ1962 እስከ 1980 በኮቨንትሪ ተመርተዋል። ስለ እነርሱ የሚነገረው ስሕተት አብዛኛው የሚመነጨው የምርት ዘመናቸውን ሳይለዩ በስማቸው ብቻ ከማወዳደር ነው።

«እያንዳንዱ እስከ መጨረሻው የራሱን ሞተር ይዞ ዘልቋል።»

እስከ 1974 ድረስ ይህ ትክክል ነበር። ይሁን እንጂ የሁለቱ ባለቤት ኩባንያዎች በ1968 ብሪቲሽ ሌይላንድ በሚል ስም ተዋሕደው ስለነበር፣ ከ1974 መጨረሻ ጀምሮ ሚጀት የራሱን 1275 ሲሲ ሞተር ትቶ የስፒትፋየርን 1493 ሲሲ ሞተር ተሸከመ። ከዚያ ወዲህ በተሠሩት መኪኖች የማን ሞተር ይበልጣል ብሎ መከራከር አንድን ሞተር ከራሱ ጋር ማወዳደር ነው።

«ትልቁ ሞተር ከትንሹ ይሻላል።»

ከዝቅተኛ ዙር ሲነሣ ጉልበት አለው፤ ነገር ግን የፒስተኑ ምልልስ ረጅም (87.5 ሚሊሜትር) ስለሆነና ኮሎው (ምልልሱን ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ) በሦስት ኩሽኔት፣ ማለትም በሦስት የመዞሪያ ማረፊያ፣ ላይ ብቻ ስለሚያርፍ፣ ለረጅም ሰዓት በከፍተኛ ዙር ሲነዳ ኩሽኔቶቹ ቶሎ ያልቃሉ። ስፒትፋየር ዙሩን የሚቀንስ ኦቨርድራይቭ በተጨማሪ ክፍያ ይገጠምለት ነበር፤ ለሚጀት ግን ፋብሪካው ይህን አላቀረበም።

«ስፒትፋየር ኩርባ ላይ ይገለበጣል።»

ወቀሳው መነሻ አለው፤ ጥፋቱ በሁሉም ስፒትፋየር ላይ መለጠፉ ነው። የኋላው አክሰል የሚተጣጠፈው በዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች በሚያከፋፍለው ማርሽ) በኩል ብቻ ስለሆነ፣ አሽከርካሪው ኩርባውን በፍጥነት እየዞረ ሳለ ደንግጦ ነዳጅ ሲለቅ የመኪናው ጀርባ ብድግ ይላል፤ በዚህ ጊዜ የውጭው ጎማ ግርጌ ወደ መኪናው ሆድ ይታጠፍና መንገዱን የሚይዘው በጠርዙ ብቻ ይሆናል። በ1970 በወጣው አራተኛው ሞዴል ግን ከኋላ በአግድም የተኛው ባሌስትራ (ከተደራረቡ የብረት ቅጠሎች የተሠራው ስፕሪንግ) ተለወጠ፤ አብዛኞቹ ቅጠሎች በዲፈረንሻሉ ላይ ከመታሰር ይልቅ መሃላቸው ላይ እንዲወዛወዙ ተደረገ፤ ጥቂት ቆይቶም የኋላ ጎማዎቹ ርቀት ሰፋ። ከዚህ በኋላ የተሠራው መኪና በዚህ አይወቀስም።

«የሚጀት ጥቁር ፓራውልት (የግጭት መከላከያ) ለጌጥ የተገጠመ ላስቲክ ነው።»

ላስቲክ አይደለም፤ ብረት ላይ የለበሰ ፖሊዩሬቴን የተባለ ፕላስቲክ ነው። የመጣውም የአሜሪካን የደኅንነት ሕግ ለማሟላት ሲሆን፣ ፓራውልቱ ከሚፈለገው ከፍታ እንዲደርስ መኪናው ራሱ ከመሬት ከፍ ተደረገ። በዚህም ምክንያት ኩርባ ላይ ማጋደሉ ጨመረ። «ሚጀት መንገድ ይይዛል» የሚለው ምስጋና የሚገባው፣ በእኔ ግምት፣ ከዚያ በፊት ለተሠራው ነው።

«ስፒትፋየር ሻንሲ ስላለው የላሜራው ዝገት አያሰጋም።»

ገዢን ለከባድ ወጪ የሚዳርገው ይህ ነው። ሚጀት ሻንሲ (አካሉ የሚጫንበት የብረት አጽም) የለውም፤ አካሉ ራሱ ተሸካሚ ነው። ስፒትፋየር ሻንሲ ቢኖረውም መሃሉ ቀጭን ስለሆነ ከበሩ ሥር የሚሄደው ላሜራ ሸክሙን ይጋራል፤ የኋላ ጎማዎቹን የሚይዙት ክንዶችም የታሰሩት ከአካሉ ወለል ጋር ነው። የስፒትፋየር ኮፈን ከፊት ጎማዎቹ ሽፋን ጋር አብሮ ወደ ፊት ስለሚገለበጥ ገዢው የፊት ጎማው ላይ ተቀምጦ ሞተሩን በምቾት ይመረምራል፤ ከዚያ ግን ተነሥቶ በሩን ይዝጋና በበሩ የኋላ ጠርዝ ያለውን ክፍተት ይመልከት። ክፍተቱ ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ፣ ከሥር ያለው ላሜራ በዝገት ተበልቶ መኪናው መሃሉ ላይ መጉበጥ ጀምሯል።