የሳይንስ ልብ ወለድ ሂስ በአሜሪካ፦ ከአንባቢ ደብዳቤ የተነሣ ሙያ

የሳይንስ ልብ ወለድ፣ የምናባዊ ዓለም ታሪክና አስፈሪ ታሪክ በአሜሪካ የራሳቸው ሂስ ያገኙት ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከታላላቅ ጋዜጦች የመጻሕፍት ገጽ ሳይሆን፣ አንባቢዎች ለርካሽ መጽሔቶች አዘጋጆች ይልኳቸው ከነበሩ ደብዳቤዎች ነው። በ1923 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተመሠረተው ዊርድ ቴልስ የተባለው የአስፈሪ ታሪኮች መጽሔት የደብዳቤ ዓምድ ነበረው። ከሉክሰምበርግ የሄደው ሁጎ ገርንስባክ ደግሞ በ1926 በጀመረው አሜዚንግ ስቶሪስ በተባለው የሳይንስ ልብ ወለድ መጽሔት ላይ የደብዳቤ ጸሐፊዎቹን አድራሻ ከስማቸው ጋር ያትም ነበር። ትንሽ የሚመስለው ይህ ውሳኔ ብዙ ነገር ለወጠ፤ በየከተማው ብቻውን ያነብ የነበረ ወጣት መሰሎቹን አግኝቶ መጻጻፍ ጀመረ፣ ክበባት ተቋቋሙ፣ በ1930 በቺካጎ ከወጣችው ዘ ኮሜት አንሥቶም አንባቢዎች ራሳቸው እያዘጋጁ የሚያባዟቸው መጽሔቶች ተበራከቱ። አስታውንዲንግ የተባለው መጽሔት አዘጋጅ ጆን ካምቤልም ከ1938 ጀምሮ የአንባቢዎችን አስተያየት እየቆጠረ የየወሩን ታሪኮች ደረጃ ያወጣ ነበር።

የእነዚህ ደብዳቤዎች ጉልበት ፍቅር ነበር፤ ድክመታቸውም ከዚያው ይመነጫል፤ የሚወደድ ደራሲ ሁሉ ይሞገስ ነበርና። ይህን የሰበረው ደራሲና ሐያሲ ዴመን ናይት ነው። ገና ወጣት ሳለ፣ በ1945፣ በዘመኑ እጅግ ዝነኛ ደራሲ የነበረውን ኤ. ኢ. ቫን ቮግትን፣ የሴራው ሰንሰለት እርስ በርሱ እንደሚጋጭና አረፍተ ነገሮቹ ልል እንደሆኑ ከራሱ ገጾች እየጠቀሰ ተቸው። የናይት አቋም ግልጽ ነበር፤ የሳይንስ ልብ ወለድ ሥነ ጽሑፍ ከሆነ እንደ ማንኛውም ሥነ ጽሑፍ በአዲስነቱ፣ በአወቃቀሩ፣ በአሳማኝነቱና በሰዋስው ጭምር ይመዘን የሚል ነው። ጨካኝ ነው የሚሉት ነበሩ፤ እኔ ግን ለዘርፉ ከዚህ የበለጠ ክብር የሰጠ ሰው አላውቅም። ለሐያሲነቱ በ1956 የዘርፉ ታዋቂ ሽልማት የሆነው ሁጎ ተሰጥቶታል።

ከናይት በተቃራኒ በትምህርቱ ኬሚስት የነበረው ፒ. ስካይለር ሚለር ከ1951 እስከ ሞተበት 1974 ድረስ በአስታውንዲንግ፣ ኋላም አናሎግ በተባለው በዚያው መጽሔት፣ በለዘበ አንደበት መጻሕፍትን ለአንባቢ ሲያስተዋውቅ ኖሯል።

ሦስቱ ዘርፎች በአንድ ሚዛን አይለኩም። የሳይንስ ልብ ወለድ ገምጋሚ፣ ደራሲው አንድ አዲስ ነገር ወደ ዓለም ካስገባ በኋላ ውጤቱን እስከ መጨረሻው ተከትሎት እንደሆነ ይጠይቃል። ስለ ምናባዊው ዓለም እንግሊዛዊው ደራሲ ጄ. አር. አር. ቶልኪን በ1939 በስኮትላንድ ባሰማው ንግግር እንዳስረዳው፣ አንባቢው እዚያ ዓለም ውስጥ እስካለ ድረስ ማመን አለበት፤ ጥርጣሬ በገባ ቅጽበት ድግምቱ ይፈርሳል። የአስፈሪ ታሪክን መለኪያ የዘርፉ ደራሲ ኤች. ፒ. ላቭክራፍት በ1927 ባወጣው ድርሰት በሴራው ላይ ሳይሆን በድባቡ ላይ አኑሮታል፤ ታሪኩ ከማይታወቅ ኃይል ጋር የመገናኘትን ጥልቅ ፍርሃት በአንባቢው ላይ አሳድሯል ወይስ አላሳደረም የሚለው ነው። ስለዚህ የአስፈሪ ታሪክ ገምጋሚ ሥራ ከሁሉም ይከብዳል፤ ፍርሃቱ እንዴት እንደተገነባ ማሳየት አለበት፣ የተሰወረውን ግን አስቀድሞ መግለጥ የለበትም።

ራሷም ልብ ወለድ ትጽፍ የነበረችው ጆአና ረስ በ1979 ባሳተመችው ጽሑፍ፣ ሐያሲ ፖለቲካ አያስገባ፣ ፍርዱ የግል ስሜት ነው፣ የሚያስደስተኝን መጽሐፍ ብቻ ይንገረኝ የሚሉ የአንባቢ ቅሬታዎችን አንድ በአንድ እያነሣች መልሳለች። ዩኒቨርሲቲዎች የመጡት ዘግይተው ነው፤ ለዘርፉ የተለየው የመጀመሪያ የጥናት መጽሔት ኤክስትራፖሌሽን በ1959 ተጀመረ።

ከ1953 ጀምሮ የሚሰጠውና በገርንስባክ ስም የሚጠራው የሁጎ ሽልማት አሸናፊዎች ዛሬም የሚለዩት በባለሙያ ዳኞች ጉባኤ ሳይሆን፣ የዓለም አቀፉ የሳይንስ ልብ ወለድ ጉባኤ አባላት በሆኑ አንባቢዎች ድምፅ ነው።