የበዓል ዶሮ በጅማ

የበዓል ዶሮ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካና ለሌሎችም ዓመት በዓላት በየቤቱ ታርዶ የሚሠራው ዶሮ ወጥ ነው። በጅማ ሰው «ለበዓል ዶሮ» ሲል ግን ከገበያ መርጦ ከመግዛት እስከ ማግሥቱ ፍርፍር ድረስ ያለውን የሁለትና የሦስት ቀን ሥራ ሁሉ ማለቱ ነው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ከ1,700 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ኦሮሞው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ የሙ፣ ዳውሮውና ካፋው፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ አጥር ለአጥር ተጠጋግቶ ይኖርባታል። ዶሮ ወጥ በአገሩ ሁሉ ይሠራል። የጅማው የሚለየው በሁለት ነገር ነው ብዬ አምናለሁ፤ አንዱ ኮረሪማው ነው፣ ሌላው ጎረቤቱ።

ገበያው

ጅማ ከጥንትም የገበያ አገር ናት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጅማ ነገሥታት መቀመጫቸውን ጅሬን ኮረብታ ላይ አድርገው ሳለ፣ ከሥር ያለው የሂርማታ ገበያ የደቡብ ምዕራብ ነጋዴ ሁሉ የሚገናኝበት ነበር። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የገዙት ዳግማዊ አባ ጅፋር ስማቸው ዛሬም ከንግድ ጋር ይነሳል። ቤተ መንግሥታቸው እስካሁን ጅሬን ላይ ቆሟል። የሂርማታ ስም ዛሬ የከተማዋ ሰፈር መጠሪያ ነው፤ ገበያውም አልጠፋም። ለበዓል ሁለትና ሦስት ቀን ሲቀረው በዙሪያው ካሉ የገጠር ወረዳዎች ዶሮ በእጁ አንጠልጥሎ፣ በቅርጫት አዝሎ፣ በባጃጅ ጭኖ የማይገባ የለም።

አመራረጡ የራሱ ሙያ አለው። ገዢ አውራ ዶሮውን በሁለት እግሩ ይዞ ከፍ ዝቅ እያደረገ ክብደቱን ይገምታል፣ ደረቱን ይዳስሳል። የደረቱ አጥንት እንደ ቢላ ጀርባ ከወጣ ሥጋ የለውም። ከእግሩ በስተኋላ የበቀለው ሹል ጥፍር ረዝሞ ከጠነከረ ደግሞ ዶሮው አርጅቷልና ለመብሰል ያስቸግራል። ቀዩና ገብስማው ይፈለጋል። ዓይኑ የፈዘዘ፣ ላባው የቆመ፣ አፍንጫው የረጠበ ዶሮ ዋጋው ቢረክስም አይገዛም። ፈንግል የሚባለው በሽታ አንዴ ግቢ ከገባ ያለውን ዶሮ ሁሉ ይጨርሳል፤ ስለዚህ ዶሮ የሚያረቡ ቤቶች ከገበያ የመጣውን ከራሳቸው ጋር አይቀላቅሉም፣ እስኪታረድ ለብቻው ያስሩታል።

ዛሬ ሳሶን የመሰለው የፈረንጅ ዶሮ በየቦታው ይገኛል። ሥጋው ብዙ ነው፣ ቶሎም ይበስላል፤ ችግሩ እዚያው ላይ ነው። ቁሌቱ ውስጥ ገብቶ ቅመሙን ሳይጠጣ መፈራረስ ይጀምራል። የሐበሻው ታርዶ ከተሰናዳ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ኪሎ ብዙ አያልፍም፣ ግን ጠንካራ ነው፤ እሳት ላይ ሲቆይ ጣዕሙን ለወጡ ይሰጣል፣ የወጡንም ይወስዳል።

በአሜሪካ በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ በሚከበረው የምስጋና ቀን ቤተሰቡ ቱርክ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ሙሉውን ኦቨን ውስጥ ጠብሶ ያቀርባል። አንዱ ቱርክ 5፣ 7፣ ከዚያም በላይ ኪሎ ይመዝናል፤ ማዕዱን የሚያጠግበው ሥጋው ራሱ ነው። እኛ ዘንድ አንድ ኪሎ ገደማ የሆነ ዶሮ አሥራ ሁለት ሰው ያበላል። የሚያበላውም ቁሌቱ ነው፤ ስለ በዓል ዶሮ የሚነገረው ሁሉ ወደ ቁሌቱ የሚመለሰው ለዚህ ነው።

እርዱና ብልቱ

ዶሮ የሚያርደው ወንድ ነው። ክርስቲያኑ ወደ ምሥራቅ ዞሮ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ ያርዳል፣ ሙስሊሙ ወደ ቂብላ አዙሮ «ቢስሚላህ» ብሎ። ወንድ በሌለበት ቤት የበዓል ዋዜማ ሲመሽ አንዲት እናት ዶሮዋን በብብቷ አቅፋ፣ ቢላዋን በነጠላዋ ሸፍና በር ላይ ቆማ «ልጄ፣ እረድልኝማ» ስትል ማየት የተለመደ ነው። የሰፈሩ ጎረምሳ በአንድ ምሽት አምስት ስድስት ቤት ይዞራል።

ላባው በፈላ ውሃ ተነክሮ ይነጫል፣ የቀረው ጸጉር በእሳት ይለበለባል፣ ቆዳው ይገፈፋል። ከዚያ ሴቷ ትረከባለች። 12 ብልት ማውጣት አንዲት ልጅ ባለሙያ መባል አለመባሏ የሚለይበት ሥራ ነበር። እግሩ፣ ታፋው፣ ክንፉ፣ መላላጫው ጥንድ ጥንድ ሆነው ይወጣሉ፤ ፈረሰኛው፣ አንገቱና የጀርባው አጥንት ይከተላሉ። የመጨረሻዎቹ አቆራረጥ ከቤት ቤት ልዩነት አለው፣ ቁጥሩ ላይ ግን ድርድር የለም፤ ብዙዎች ከ12ቱ ሐዋርያት ጋር ያያይዙታል። ቢላዋ መገጣጠሚያውን ፈልጎ ይገባል እንጂ አጥንት አይሰብርም። ትልቁ ጥንቃቄ ሐሞቱ እንዳይፈስ ነው፤ ከፈሰሰ የነካው ሁሉ ይመርራል። ሥጋው በሎሚና በጨው ታሽቶ፣ ውሃው እንደ ምንጭ እስኪጠራ ደጋግሞ ይታጠባል። ፈረሰኛው ለአባወራው ወይም ለተከበረ እንግዳ ይወጣል።

ድስቱ

ለአንድ ዶሮ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ቀይ ሽንኩርት ይከተፋል። መክተፉ ብቻ የልጆቹን ዓይን ሁሉ አስለቅሶ ግማሽ ቀን ይፈጃል። የደቀቀው ሽንኩርት ዘይትም ቅቤም ሳይነካው ደረቅ ድስት ላይ ይጣዳል፤ በራሱ ውሃ ይበስላል። ውሃው ሲያልቅ እንዳያር ማማሰያ ከእጅ አይለይም። ቅርጹ ጠፍቶ እንደ ገንፎ ሲሆን ጣፋጩ ይወጣል፣ ያን ጊዜ ቅቤው፣ ቀጥሎ በርበሬው ይገባል። በርበሬ ቶሎ ያራል፤ ካረረ መራራ ነው፣ ጥሬውን ከቀረ ደግሞ ጉሮሮ ይቧጭራል። ስለዚህ ውሃ ጠብ እየተደረገ፣ እየተማሰለ፣ ረመጡ እየተቀነሰ ሰዓታት ይቁላላል። ዝንጅብሉና ነጭ ሽንኩርቱ እዚሁ ይጨመራሉ። አንዳንድ ቤት ጥቂት ጠጅ ጠብ ያደርጉበታል። ቁሌቱ የድስቱን ጠርዝ ሲለቅና ቅቤው ከላይ ሲተኛ ሥጋው እንደ ጥንካሬው በተራ ይገባል፣ እግሩና ታፋው ቀድመው፣ መላላጫው ኋላ። ወደ መጨረሻው የተቀቀለው እንቁላል ጎኑ በቢላ ጫር ጫር ተደርጎ ይከተላል።

የጅማ ነገር የሚታየው ቅቤውና መከለሻው ላይ ነው። ኮረሪማ የዝንጅብል ዘመድ ነው፤ የደቡብ ምዕራብ ጫካ ተወላጅ ሲሆን ቡናው ባለበት ጥላ ሥር ይበቅላል። ፍሬው ሲበስል ቀይ ነው፣ ደርቆ ቡናማ ይሆናል፤ ገበያ ላይ እንደ መቁጠሪያ በገመድ ተሰክቶ ተንጠልጥሎ ይሸጣል። ቅርፊቱ ሲሰበር ውስጡ ያለው ጥቁር ፍሬ የሚሰጠው ሽታ ከወራት በኋላ አዲስ አበባ ላይ በፌስታል ታሽጎ ከሚሸጠው ዱቄት ጋር አይገናኝም። ጥምዙም የዚሁ አገር ጫካ ልጅ ነው። ሁለቱ ከቁንዶ በርበሬና ከቅርንፉድ ጋር ትንሽ ታመስ ተደርገው፣ ተወቅጠው፣ ወጡ ሊወጣ ሲል ይነሰነሳሉ። ቀድሞ የገባ መከለሻ ሽታው ከእንፋሎቱ ጋር ይሄዳል። ድስቱ ከወረደ በኋላ የሚጨምሩትም አሉ፣ እኔም ይህን እመርጣለሁ።

ወጡ በሚሠራበት ዋዜማ ሠሪዋ ጿሚ ናት። ከገና በፊት 43፣ ከፋሲካ በፊት 55 ቀን ይጾማል፤ ቅቤ የነካውን ቁሌት መቅመስ አትችልም። ባለሙያ በሽታው ትለያለች ይባላል፣ እውነትም ነው። ለጨው ግን ያልጾመ ሕፃን ይጠራና ከማማሰያው ጫፍ መዳፉ ላይ ጠብ ይደረግለታል፤ «በቃ?» ተብሎ ዓይን ዓይኑ ይታያል። እኛ ግቢ ይህን ሥራ የሚሠሩልን ሙስሊም ጎረቤታችን ነበሩ። ሥጋው ከመግባቱ በፊት እናቴ በአጥሩ ላይ «እትዬ፣ አንዴ ብቅ ይበሉልኝ» ትላለች። እሳቸው መጥተው፣ ቀምሰው፣ ጥቂት ዝም ብለው «ሽንኩርቱ ትንሽ ይቀረዋል» ካሉ ድስቱ ተመልሶ ይጣዳል። ሥጋው ከገባ በኋላ ግን አይቀምሱም።

ሁለት ማዕድ

የዚህ ምክንያቱ በኢትዮጵያ ሁሉ ይታወቃል፤ ክርስቲያኑ የሙስሊምን እርድ፣ ሙስሊሙም የክርስቲያንን አይበላም። ሥጋ ቤቱ ለየብቻ ነው፣ ምግብ ቤቱም በምልክት ይለያል። በጅማ ይህ ልዩነት ሰው ከበዓል አያስቀርም። አቅም ያለው ክርስቲያን ለበዓል ሁለት ዶሮ ይገዛል። ሁለተኛውን ሙስሊም ጎረቤት ያርደዋል፣ በተለየ ቢላ ይበለታል፣ በተለየ ድስት፣ ብዙውን ጊዜም በሙስሊም ሴቶች እጅ ይሠራል፣ በሌላ መሶብ ይቀርባል። ለኢድ ነገሩ በተራው ይገለበጣል። ዶሮ ማቅረብ ያልቻለ ቤት ደግሞ ድፎ ዳቦ፣ ማር፣ ብርዝና ቡና አለው፤ እነዚህ እርድ የላቸውምና ለሁሉም ይሆናሉ። በዶሮው በኩል ያለው ይህ ወግ ስለ ጅማ ከሚጻፈው ታሪክ ሁሉ ያልተናነሰ ቦታ ይገባዋል።

ሁሉም በዓል የዶሮ አይደለም። መስቀል ለጉራጌው የክትፎ ነው፣ ብዙውም ለዚያ ወደ አገሩ ይሄዳል። እንቁጣጣሽ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከዋለ ቀኑ የጾም ነውና ዶሮው ለማግሥቱ ይቆያል። የዶሮ ወጥ ትልቁ ሰዓት የፋሲካ ሌሊት ነው። ቅዳሴ አልቆ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ፣ 55 ቀን ከቅባት የራቀ ሆድ እንዳይደነግጥ በመጀመሪያ ተልባ ይጠጣል፣ ከዚያ መሶቡ ይከፈታል። ትኩስ እንጀራ፣ ከጎኑ አይብ፣ መካከሉ ላይ ወጡ። ለእያንዳንዱ አንድ ብልትና አንድ እንቁላል ይደርሰዋል፣ አባት ባርኮ ይቆርሳል።

በቅርብ ዓመታት ኦቨን ያላቸው ቤቶች ከወጡ በተጨማሪ ዶሮ አሮስቶ ማቅረብ ጀምረዋል። ቃሉም አሠራሩም ከጣሊያን የመጣ ነው። ለዚህ የፈረንጅ ዶሮ ይሻላል፤ ቆዳው ሳይገፈፍ፣ ከዋዜማው ጀምሮ በሎሚ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በሮዝመሪና በጨው ታሽቶ ያድራል። ታፋው ሲወጋ የሚወርደው ፈሳሽ ከደም ጠርቶ መታየት አለበት፣ መለኪያ ላለውም ውስጡ 74 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መድረስ አለበት። መብራት መሃል ላይ ከጠፋ ግማሽ የበሰለውን ኦቨን ውስጥ ትቶ መጠበቅ አደገኛ ነውና ቆራርጦ ከሰል ላይ በድስት መጨረስ ነው።

ወጡ በማግሥቱ ይበልጥ ይጥማል። ሥጋው አልቆ ቁሌቱ የድስቱ ወገብ ላይ ሲቀር ጠዋት ትንሽ ውሃ ይጨመርበትና ለስለስ ባለ እሳት ይሞቃል፤ የትናንቱ እንጀራ ተቆራርሶ ይገባበታል። ልጆች ድስቱን ከበው በጠርዙ የደረቀውን በእንጀራ እየጠረጉ ይበላሉ፣ ከጎን ጀበናው ይንጣጣል።