ኬዝ ኮንትሮል ጥናት ምንድን ነው?

“ከተሳታፊዎቹ ግማሽ ያህሉ በበሽታው መያዛቸውን ጥናቱ አረጋገጠ።” ስለ ኬዝ ኮንትሮል ጥናት በተጻፉ ዘገባዎች ውስጥ ይህን የመሰለ ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አንብቤያለሁ፤ ከእንግዲህ ግን ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም። ግማሾቹ ሕመምተኞች የሆኑት በሽታው በሕዝቡ መካከል ያን ያህል ስለተስፋፋ ሳይሆን፣ አጥኚው ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ሕመሙ የሌለበት አንድ ሰው ለመምረጥ አስቀድሞ ስለወሰነ ነው። ለአንድ ሕመምተኛ አራት ሰው መርጦ ቢሆን ኖሮ ዘገባው “20 በመቶ” ይል ነበር፤ በሽታው ግን ያው በነበረበት ነው።

የዚህ ጥናት መነሻ ውጤቱ፣ ማለትም ሕመሙ ነው፦ ሕመሙ ያለባቸው (ኬዞች) እና የሌለባቸው (ኮንትሮሎች) ሰዎች ተመርጠው፣ ለተጠረጠረው መንስኤ ቀደም ሲል ምን ያህል ተጋልጠው እንደነበር ይነጻጸራል።

እንግሊዛውያኑ ተመራማሪዎች ሪቻርድ ዶል እና ኦስቲን ብራድፎርድ ሂል እ.ኤ.አ. በ1950 ባሳተሙት የለንደን ሆስፒታሎች ጥናት፣ የሳንባ ካንሰር ካለባቸው 649 ወንዶች መካከል አጫሽ ያልነበሩት 2 ብቻ ሲሆኑ፣ ከ649 ወንድ ኮንትሮሎች መካከል ግን 27 ነበሩ። አንድ አስተያየት ሰጪ ይህን ይዞ “ከ649 ሕሙማን 647ቱ አጫሾች ከሆኑ፣ የሚያጨስ ሰው ካንሰር አይቀርለትም” ሲል ይሞግታል። ከኮንትሮሎቹም 622ቱ አጫሾች እንደነበሩ ግን ልብ አላለም። ከሕሙማን መካከል ስንቱ ያጨሳል የሚለውና ከአጫሾች መካከል ስንቱ ይታመማል የሚለው ፈጽሞ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ ኬዝ ኮንትሮል ጥናት በራሱ የሚመልሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

የገበያ ሚዛንን እናስብ። ሚዛኑ እህሉ ከድንጋዩ በምን ያህል እንደሚበልጥ ይናገራል እንጂ ጎተራው ውስጥ ስንት ኩንታል እንዳለ አይናገርም። ኮንትሮሎች የሚዛኑ ድንጋይ ናቸው፤ ስለዚህ ኬዞቹ የወጡበትን ሕዝብ የተጋላጭነት መጠን በትክክል ማሳየት አለባቸው እንጂ “ጤነኛ መሆናቸው” ብቻ አይበቃም። ዶል እና ሂል ኮንትሮሎቻቸውን የመረጡት በሌላ ሕመም ሆስፒታል ከተኙ ሰዎች ነበር፤ ከእነዚያ ሕመሞች አንዳንዶቹም በማጨስ የሚመጡ መሆናቸው ኋላ ላይ ታወቀ። ድንጋዩ ከልኩ በላይ ከብዶ ስለነበር እህሉ ከእውነተኛ ክብደቱ ቀልሎ ታየ ማለት ነው። ልዩነቱ ይህን ያህል ሰፊ ባይሆን ኖሮ ሊሰወርባቸው ይችል ነበር።

ከእነዚሁ ቁጥሮች የሚሰላው ኦድስ ሬሾ (በሕሙማን መካከል አጫሾች ከማያጨሱት ጋር ያላቸው ንጽጽር በኮንትሮሎች መካከል ካለው ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚያሳየው ቁጥር)፣ 647 በ27 ተባዝቶ ለ2 እና ለ622 ብዜት ሲካፈል፣ ወደ 14 ይጠጋል። የሳንባ ካንሰር በአንጻሩ ጥቂት ሰዎችን የሚይዝ በመሆኑ “14 እጥፍ ሥጋት” ብሎ ማንበብ ብዙ አያሳስትም። እኔ በምሠራበት በሥነ ምግብ ዘርፍ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2016ቱ (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶው የቀነጨሩ (ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ያጠረ) ነበሩ። ይህን ያህል የተስፋፋ ችግር ሲጠናና ኮንትሮሎቹ ካልቀነጨሩት መካከል ሲመረጡ ኦድስ ሬሾው ያብጣል፦ ከተጋለጡት 100 ሕፃናት 60ው፣ ካልተጋለጡት 100 ደግሞ 30ው ቢቀነጭሩ ሥጋቱ 2 እጥፍ ሲሆን ኦድስ ሬሾው ግን (60 በ70 ተባዝቶ ለ40 እና ለ30 ብዜት ሲካፈል) 3.5 ነው። ይህን 3.5 “ሦስት እጥፍ ተኩል ይቀነጭራሉ” ብሎ የሚጽፍ ሰው፣ ስሌቱ ትክክል ሆኖ ሳለ ለአንባቢው ያልሆነውን ነገረው።